የመምጠጫው ወንፊት

ወይዘሮ ዓመለወርቅ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሡ። መስኮት ከፈቱ፣ ፊታቸውን ታጠቡ፣ ሻይ ጠጡ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ሳሎን ወዳለው የዓሣ ገንዳ ሄደው ምግብ ሊበትኑ ክዳኑን አነሡ። አራት ዓሣዎች ወደ ላይ መጡ። አምስተኛዋ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ምልክት ያላት ብርቱካናማዋ፣ አልመጣችም። ጎንበስ ብለው ቢያዩ ጅራቷ የውሃ ማጣሪያው መምጠጫ ቱቦ አፍ ላይ ተጣብቆ ትንፈራገጣለች። ሶኬቱን ነቀሉ። ዓሣዋ ተላቀቀች፤ ጅራቷ ግን ተተልትሏል። በሳህን ከገንዳው ውሃ ቀድተው ለብቻዋ አኖሯትና ዳቦ ሊገዙ ወጡ።

በራቸው ላይ ከጎረቤታቸው ከአቶ አንጁሎ ልጅ ከናዝራዊት ጋር ተገናኙ። ናዝራዊት ስለ ዓሣ እርባታ ዩኒቨርሲቲ የተማረች፣ ሥራ ከጀመረች ገና ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት።

«እንዴት አደሩ፣ እትዬ? ምነው ከፋዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንዷን ዓሣ ቱቦው ስቦ ጎዳብኝ።»

«ልያት?»

«ነይ ግቢ። ዳቦው አይሸሽም።»

ልጅቱ ሳህኑ ላይ አጎንብሳ ቆየች። «ትድናለች። ጅራት መልሶ ያድጋል። ግን እትዬ፣ የቱቦው አፍ እንዲህ ክፍት እንደሆነ ወደ ገንዳው እንዳይመልሷት። ሸካራ ስፖንጅ ይልበስ፤ የሞተሩም ጉልበት ይቀነስ። ለዚህ ገንዳ በዝቷል።»

ወይዘሮ ዓመለወርቅ ቀና አሉ። «ይህን የገጠመው ጦና ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ውሃ ሲስብ የኖረ ሰው ነው። ስለ ፓምፕ እሱን ልታስተምሪው ነው?»

«ኧረ እኔ! ጋሽ ጦናን?»

አቶ ጦና ባለቤታቸው ነበሩ፤ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ከዚያ ወዲህ የማጣሪያው መቆጣጠሪያ እሳቸው ካቆሙበት ነጥብ አልተነቃነቀም። ወይዘሮዋ አቧራ ሲጠርጉ እንኳ ዙሪያውን ብቻ ነው። ሰው የወደደውን ሰው ሥራ እንዳለ ሲጠብቅ፣ የጠበቀው ሰውየውን ይመስለዋል።

«ደግሞስ» አሉ፣ «ጤነኛ ዓሣ ዋኝቶ ያመልጣል። ቱቦ የሚይዘው አስቀድሞ የሞተውን ነው።»

«ይቺ ሞታ ነበር?»

ወይዘሮ ዓመለወርቅ ጎንበስ ብለው ሳህኑ ውስጥ ያለችውን ዓሣ አዩ።

«ከዚህ በፊትስ ስንት ተይዞ አገኙ?»

«ሦስት። በሽታ ነው ብዬ ነበር።»

«ታሞም ሊሆን ይችላል፣ እትዬ። ግን የታመመ ዓሣ ዕረፍት ካገኘ ብዙ ጊዜ ይድናል። ደክሞ ሳለ የሚጎትተው ነገር ካለ አይተርፍም።»

ወይዘሮዋ ሳህኗን ከፀሐይ ፈቀቅ አደረጉና ወደ ሌላ ነገር ዞሩ።

«ስፖንጅሽ ተደፍኖ ሞተሩን ቢያቃጥልብኝስ?»

«ካልታጠበ ይደፈናል፣ እውነትዎን ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ማለቅለቅ ነው። ሳሙና አይነካውም፤ የቧንቧ ውሃም አይሆንም። ውሃውን የሚያጠሩት ረቂቅ ተሕዋስያን የሚኖሩት እዚያው ላይ ነው።»

«ለዓሣ ሞግዚት፣ ለስፖንጅ አጣቢ! ጡረታ የወጣሁት ለዚህ ነው በይኛ።»

«ቁርስ ካበሉኝ እኔ መጥቼ አጥባለሁ።»

ፈገግ አሉ። እጃቸው ግን ከገንዳው ክዳን ላይ አልተነሣም። «አይሆንም፣ ናዝራዊት። እሱ እንዳደረገው ይኑር።»

ልጅቱ ጥቂት አሰበች። «ልጅ ሳለሁ ጋሽ ጦና ሁምቦ ወረዳ ፓምፕ ሲተክሉ አባዬ ይዞኝ ሄዶ ነበር። ቱቦውን ወንዙ ውስጥ ከመክተታቸው በፊት ጫፉ ላይ የሚያስሩት ነገር ነበር። ምን ነበር እሱ?»

«ወንፊት ነዋ! ያለ ወንፊት ቱቦ ወንዝ አይገባም ይል ነበር። ተበላ ከተማ ላይ አንድ ረዳቱ ረስቶት ሳያስር ቢያስገባ፣ ሳምንት ሙሉ አኩርፎታል።»

«ታዲያ ይሄኛውን ለምን ባዶውን ተዉት?»

«ባዶውን አልተወውም!» ድምፃቸው ከፍ አለ። «ሲገዛው ከነወንፊቱ ነው። ፕላስቲክ ስለነበር ተሰነጠቀ። ሌላ እሠራለታለሁ ብሎ አወለቀው። በዚያው ሳምንት ታመመ።»

እጃቸው ከክዳኑ ላይ ተነሣ። ናዝራዊት ሌላ ጥያቄ አልጨመረችም፤ የተማረ ሰው መናገር የማይገባውን ጊዜ ማወቁ ከትምህርቱ ይቆጠራል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዳይነካ የጠበቁት ነገር፣ ባለቤታቸው ያልጨረሱት ሥራ ነበር።

«ስፖንጁ ከየት ይገኛል?» አሉ ወይዘሮ ዓመለወርቅ።

ናዝራዊት ሳሙና ያልነካው አዲስ ስፖንጅ ከቤቷ አመጣች። መሐሉን እስከ ግማሽ ብቻ በስታ የቱቦውን አፍ አለበሰችው፤ እንዳይወልቅ ሳብ አድርጋ አየችው። ሶኬቱ ወዲያው ተሰካ፤ ማጣሪያው ጠፍቶ ከቆየ ውሃው ይበላሻልና። መቆጣጠሪያውን ግን አልነካችም። ወይዘሮዋ ራሳቸው በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ግማሽ መለሱት። ከዚያ ዓሣዋን ከሳህኑ ወደ ገንዳው ለቀቋት። ቱቦው አጠገብ ደርሳ ጥቂት ቆመች፤ ምንም ሳይጎትታት አለፈች።

ሁለት ወር ሆነ። ጅራቷ ሞልቷል። ከዚያ ወዲህ አንድም ዓሣ አልተያዘም፤ ትልቁ ቆሻሻ ስፖንጁ ላይ ስለሚቀር ውሃው ጠርቷል፣ ሞተሩም አይንጫጫም። ወይዘሮ ዓመለወርቅ ቅዳሜ ቅዳሜ ስፖንጁን ያለቀልቃሉ፤ የዓሣ ገንዳ ያለውን ሰው ሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ መምጠጫው አፍ ነው። ናዝራዊትም ቁርሷን መጥታ ትበላለች።

አሁን ቤቱ ውስጥ የጎደለው ጦና ብቻ ነው።