የዳለቻ ጀርባና ነጩ ወረቀት

ዳለቻ በበቾ ቦሬ ሰፈር የሐጂ ቲጃኒን የቡና ግቢ የሚጠብቅ ውሻ ነው። ያን ሰሞን ከጅራቱ ሥር እስከ ወገቡ ፀጉሩ ረግፎ፣ ቆዳው እንደ በሰለ ቡና ቀልቶ ነበር፤ ጆሮውና ክርኑ ግን ደህና ነበሩ። ቀን በቡና ማድረቂያው አልጋ እግር ሲታከክ ይውላል፣ ማታ የቡና ገለባ ክምሩ ላይ ተኝቶ ወገቡን ሲነክስ ያድራል። የሐጂ ባለቤት ዘሀራም «እኔንም እግሬን አሳከከኝ! ወይ ይዳን፣ ወይ ራቅ ብሎ አሰንዳቦ ከተማ ተወስዶ ይጣል» ብለው ቆርጠዋል። ሐጂ ውሻውን እንደሚወዱት ለሰው አይናገሩም እንጂ፣ ከዚያ ወዲህ ምግብ አልበላ ብሏቸዋል።

አንድ ቀን ከጋራዥ ያመጡትን የተቃጠለ የሞተር ዘይት በቆርቆሮ ይዘው ወደ ግቢያቸው ሲገቡ፣ ከዩኒቨርሲቲ ከምትመለሰው ከጎረቤታቸው ልጅ ከሳቢሃ ጋር ተገጣጠሙ። ሳቢሃ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ናት።

«አሰላሙ ዐለይኩም ሐጂ። መኪና ገዙ እንዴ?»

«ወዐለይኩሙ ሰላም። መኪናው ያውልሽ፣ ባለ አራት እግር። እከክ ይዞታል፣ ዘይት ልቀባው ነው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ሐጂ፣ ይህን ቢቀቡት ሊሞትብዎ ይችላል።»

«ኧረ ተይ! አባቴም ውሻ ሲያክሙ የኖሩት በዚሁ ነው።»

«ዳለቻ ገላውን የሚያጥበው በምንድን ነው?»

«በምላሱ ነዋ!»

«ታዲያ ዘይቱ የት ሊገባ ነው?»

ሐጂ ቆርቆሮውን መሬት አስቀመጡት። ሰው ሐሳቡን ሲቀይር አስቀድሞ የሚታዘዘው እጁ ነው፣ አፉ ዘግይቶ ይከተላል።

«እሺ፣ የከብት መዥገር መድኃኒት አለኝ። እሱን ልርጨው?»

«ለከብት የተመጠነ ለውሻ መርዝ ሊሆን ይችላል። ለመሆኑ እከክ ነው ያለው ማን ነው?»

«ዓይኔ!»

«ገበሬ ቡና ሲያመጣልዎ ጆንያውን ከውጭ አይተው ይገዛሉ?»

ሽማግሌው ተቆጡ። «እኔ ቲጃኒ? ከመሃል አስወጥቼ፣ ነጭ ወረቀት ላይ በትኜ፣ ፍሬ በፍሬ ሳላይ?»

«እንግዲያው ዳለቻንም እንደ ቡናዎ እንየው።»

ሳቢሃ ከቦርሳዋ ያወጣችውን ጓንት አጥልቃ፣ ነጭ ወረቀት በውሃ አርሳ ከውሻው ሥር አነጠፈችና ወገቡን በጥቅጥቅ ማበጠሪያ አበጠረችው። ጥቁር ፍርፋሪ ረገፈ።

«አፈር ነው» አሉ ሐጂ።

«ትንሽ ይታገሱ።»

ፍርፋሪው እርጥቡ ወረቀት ላይ ዙሪያውን እየቀላ ሄደ።

«ደም! ያ አላህ!»

«የቁንጫ ኩስ ነው፤ ከዳለቻ የጠጣችው ደም። እከክ ብዙውን ጊዜ ከጆሮ ጫፍና ከክርን ይጀምራል፤ ይህ የጀመረው ከጅራት ሥር ነው። ቁንጫዋ የምትራባው ደግሞ መኝታው ውስጥ ነው። ዘይት ቢቀቡት እሱ ይመረዛል፣ እሷ ገለባው ውስጥ ሆና ትስቅብዎታለች።»

«ገለባውን ያነጠፍኩለት እኮ እኔ ነኝ፣ ይሙቀው ብዬ!» ሐጂ ራሳቸውን ያዙ። «ማል ጎና? ምን ይሻላል ልጄ?»

«ገለባውን ያስወጡ፣ መኝታውን ያስጠርጉ፣ የሚታጠብ ጆንያ ያንጥፉለት። ከዚያ ክሊኒክ እንውሰደው። ሐኪሙ አይቶ በክብደቱ ልክ የውሻ መድኃኒት ያዝለታል። እኔ ገና ተማሪ ነኝ፣ በግምት አልሰጥም።»

«ክብደቱን ከሆነ ሚዛን እኔ ጋ አለ!»

ዳለቻ የቡናው ሚዛን ላይ ቆመ፤ አሥራ ስምንት ኪሎ። «እንደ ቡናው እርጥበቱ ሳይቀነስለት ነው» አሉ ሐጂ፣ ከብዙ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እየሳቁ።

ሐኪሙም ቁንጫ መሆኑን አረጋግጦ መድኃኒቱንና የውሻ ሳሙና አዘዘ። በእጥበቱ ቀን ሐጂ ራሳቸው ጓንት አጥልቀው ገመዱን ያዙ። ዳለቻ አንዴ ቢራገፍ ከኮፍያቸው እስከ ጫማቸው በሰበሱ፤ ለሶላት ልብስ ሊቀይሩ ሲገቡ ዘሀራ በር ላይ በሳቅ ሊወድቁ ደረሱ። «ዛሬ የታጠበው የትኛው ነው?»

እነሆ የጥንቃቄ ፍሬ፤ መድኃኒት ከመፈለግ በፊት በሽታውን ማወቅ ውሻውን ከመርዝ፣ ቤተሰቡንም ከማሳከክ አዳነ። አሰንዳቦን ያነሣ የለም። የዘሀራ እግርም ጤና አገኘ። አሁን ጎረቤት ዘይት ይዞ ሲያልፍ ያዩ እንደሆነ ሐጂ ከበራቸው ሆነው «መጀመሪያ ወረቀት አምጣ!» ይላሉ።

ክረምቱ ሲገባ ሳቢሃ ዳለቻን እንደገና አበጠረችው፤ እርጥቡ ወረቀት እንደ ነጣ ቀረ። ወገቡ ፀጉር ለብሷል። በቡናው ሚዛንም ሃያ አንድ ኪሎ ተኩል መዘነ።