ፎክሬ ያዥ ያጣሁ ዕለት

ስሙኝማ! እዚህ ሰው አገር፣ ሲዋርድ ፓርክ የሚባል መናፈሻ ውስጥ ጥቂት ፈረንጆች የጥንት ተዋጊ ነን ብለው፣ ቆርቆሮ ለብሰው በእንጨት ሰይፍ ሲቀጠቃቀጡ ደረስኩባቸው። የጨዋታ ማኅበራቸውን ገና መጀመራቸው ነው፤ ፉከራ የሚባል አያውቁም። «ሳይፎከር ይዋጋል እንዴ?» ብዬ ዱላ ነጥቄ «ዘራፍ!» ስል ዛፉ ሁሉ ቅጠሉን አራገፈ። አገር ቤት ስፎክር ታናሽ ወንድሜ ክንዴን ይዞ «በቃ ጋሼ፣ ለነገም ጠላት ተውልን!» ይለኛል፤ ሰው ሳይዝህ ማቆም ነውር ነው። እነዚህ ግን ያጨበጭባሉ እንጂ ማን ይያዘኝ! አንበሳውን ገድዬ ጨረስኩ፣ ዝሆኑን ጀመርኩ፣ ድምፄ ተዘጋ።

በመጨረሻ የቆርቆሮ ቆብ ያጠለቀች ሴትዮ ክንዴን ያዝ አድርጋ «አር ዩ ኦኬይ?» አለችኝ። ዱላው ከእጄ ወደቀ። «ቶሎ አትልቀቂኝ» አልኳት በአማርኛ። አልገባትም፤ እጇን ግን አላነሳችም።