ለጥንድ ዋርካ ፊልም የምመርጠው እኔ ነበርኩ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ፊልም ይረባል አይረባም የሚለው የተማረ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ እኔ ነበርኩ። አዎ፣ እኔ ዘውዴ፣ ሰባተኛ መንገድ ዳር ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የምሸጠው። ሣቁ፣ ግዴለም። አንቺ የምትቀርጪበትን ስልክ ራቅ አድርጊው፣ የእኔን ድምፅ ያሳደገው ገበያ ነው።

ከመደቤ ጀርባ የከድር ሱቅ ነበር። ከድር ስልጤ ነው፣ ቁመቱ አጭር፣ አንደበቱ ጣፋጭ፣ ሲከራከር እንኳ የሚያመሰግን ነው የሚመስለው። ደርግ ወድቆ ንግዱ ሲከፈት በመጀመሪያ የውጭ ፊልም በካሴት ያከራይ ነበር፣ እና በኋላ የአማርኛ ፊልም መሠራት ሲጀምር ኪራዩን ትቶ ማከፋፈል ገባ። «ጥንድ ዋርካ ፊልም አከፋፋይ» ብሎ ሰሌዳ አስጻፈ፣ ሁለት ትልልቅ ዛፍ አሣለበት። «ከድር፣ መርካቶ ውስጥ ዋርካ የት አየህ?» ብለው፣ «የለማ እትዬ፣ ስለሌለ እኮ ነው ያሣልኩት» አለኝ። ታዲያ ሥራው እንዲህ ነው፤ ፊልም የሠራ ሰው ዋናውን ካሴት ይዞ ይመጣል፣ ከድር ይገዛዋል፣ ጓዳው ውስጥ ዴክ በዴክ ደርድሮ ያባዛዋል፣ እና ለደሴው ወኪል፣ ለጅማው፣ ለጎንደሩ በአውቶቡስ ይልካል።

ችግሩ መምረጡ ላይ ነበር። ከድር ልቡ ሩኅሩኅ ነው፣ የመጣውን ሁሉ ይገዛል፣ ካርቶኑ እስከ ጣሪያ ተቆልሎ ይቀራል። አንድ ቀን እሱ ጋ ያስቀመጥኩትን ጆንያ ልወስድ ስገባ ፊልም ከፍቷል፤ አንድ ሰውዬ ሚስቱን በቀበረ በሳምንቱ ፀጉሩን ተቀብቶ ሌላ ሴት ያጫውታል። ቆሜ አየሁና «ከድር፣ ይኼ ሰውዬ ጎረቤት የለውም እንዴ?» አልኩት። «እትዬ፣ ፊልም እኮ ነው» አለ። «ፊልምስ ቢሆን? ለቅሶ የሚደርስ አንድ ሰው ይጥፋ? ይኼን ማንም አይገዛህም» ብዬው ወጣሁ። እና ገዛው። እና አልተሸጠም። አንድ ካርቶን እንኳ አልወጣለትም፣ በማርያም።

ከዚያ በኋላ እሑድ ከሰዓት፣ ገበያው ጭር ሲል፣ ይጠራኛል። ሁለት ተሸካሚዎች አሉ፣ ጫማ ሰፊው ጋሽ ታደሰ አለ፣ እና እኔ ፊት ለፊት የለስላሳ ሣጥን ገልብጬ እቀመጣለሁ። ሕጉ አንድ ነው፤ እኔ እስከ መጨረሻው ከተቀመጥኩ ይገዛል፣ መሐል ላይ ከተነሣሁ አይገዛም። ክፍያዬ ሻይና ፓስቲ ነው። ታዲያ ስነሣ ዝም ብዬ አልነሣም፣ ለምን እንደተነሣሁ እስከ ማክሰኞ ለመንደሩ አወራለሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ የከድር ስም ገነነ። «ጥንድ ዋርካ ያወጣው ነው» ከተባለ የክፍለ ሀገር ሰው ፖስተሩን ሳያይ ይገዛ ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። ካሴቱ ቀርቶ ሲዲ በመጣበት ጊዜ ሳሙኤል የሚባል ሰው መጣ። አማኑኤል ሰፈር ተከራይቶ የሚኖር፣ ሚኒባስ ነጂ የነበረ ሰው ነው። እንጀራ የሚበላበትን ሚኒባሱን ሸጦ ነው ፊልም የሠራው። ከድር ካልገዛው ሌላ የሚገዛው የለም፣ ሁለት ቦታ ዞሮ መልሰውታል። ያን እሑድ በር ላይ ቆሞ እኔን እንጂ ፊልሙን አያይም።

እና ተከፈተ። ልጆቼ፣ ምን ልበላችሁ፣ አንዲት ዝንጅብል ሻጭ ናት። ሻሿን እንደ እኔ ወደ ግራ አዘንብላ አስራለች። ጠዋት ትነሣና ዝንጅብሉን በሳፋ ውኃ ትነክረዋለች፣ ያብጥላታል፣ ይከብድላታል፣ ታወጣና በጆንያ ትሸፍነዋለች። አንዲት ሴት መጥታ ስትከራከራት ምን ብትላት ጥሩ ነው? «ካልፈለግሽ እለፊ፣ እኔ የምሸጠው ዝንጅብል ነው፣ ዘመድ አይደለም!» የእኔ ቃል! በየቀኑ የምናገረው የገዛ ቃሌ! አዎ፣ እነክር ነበር። ምን አፍጥጣችሁ ታዩኛላችሁ? ያልነከረ ማን ነበር?

ፊቴ ጋለ። ይኼ ሰውዬ ተደብቆ አይቶኛል አልኩ። ተሸካሚዎቹ ደግሞ እንዴት ይሥቃሉ፣ ጋሽ ታደሰ ጉልበቱን ይመታል። እኔም እውነቱን ባወራ ይሻላል፣ ፊልሙ ያምራል። ሴትየዋ ክፉ አይደለችም፣ ሰው ናት፣ በኋላማ ልጇ «እማዬ፣ ውኃውንም ነው የምንሸጠው?» ስትላት እኔ የያዝኩትን ፓስቲ አስቀመጥኩ። ግን ደሴ ሊያየኝ ነው፣ ጅማ ሊሥቅብኝ ነው ብዬ ብድግ አልኩ። «አይረባም» አልኩ። አንዲት ቃል። ወጣሁ።

በሩ ላይ ሳሙኤል ተሸማቆ ጎንበስ አለና «እሺ እትዬ፣ ስላዩልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት መደቤ ላይ ቁጭ አልኩ፣ አንዷ ግማሽ ኪሎ አለችኝ፣ አነሣሁና ሚዛኑ ላይ ሳደርግ ውኃው ጠብ፣ ጠብ። ይኼን ሳይ የሰውዬው ሚኒባስ ትዝ አለኝ። የሰው እንጀራ በአንዲት ቃል ገደል ልክተት? ደግሞ እውነቱን ተናግሬ ያን ሁሉ ሣቅ ልሸከም? አፈርኩ ልጆቼ፣ እውነት አፈርኩ። «እህቴ፣ ሌላ ቦታ ግዢ» አልኳትና ተነሥቼ ከድር ጋ ገባሁ። ያው እነ ጋሽ ታደሰም እዚያው ናቸው።

«ከድር፣ ያንን ፊልም መለስከው?»

«አልመለስኩም» አለ፣ መሳቢያውን ከፍቶ አሳየኝ። «ለማክሰኞ ቀጥሬዋለሁ።»

«አይረባም ብዬህ የለም እንዴ?»

«ብለዋል። ግን እትዬ፣ እርስዎ አይረባም ሲሉ ሁለት ቀን ነው የሚያወሩት። ትናንት አንድ ቃል ብለው ሄዱ። አንድ ነገር አለ ብዬ ጠበቅኩ።»

«እና አንተ ራስህ አትገዛውም ነበር?»

«ወላሂ አልገዛውም። የእርስዎን ቃል እርስዎ ካልሻሩት እኔ እሽረዋለሁ?»

እዚያው ቁጭ አልኩና «በሉ ስሙ» አልኳቸው። «ፊልሙ ጥሩ ነው። ሴትየዋ እኔ ነኝ። ዝንጅብል እነክራለሁ፣ ስለዚህ ነው የተነሣሁት። ይኸው ተናገርኩ!»

ጋሽ ታደሰ መርፌውን አስቀመጠና «እትዬ፣ እናውቃለን እኮ» አይለኝም? «የእኔ ሚስት ከእርስዎ በገዛች ቁጥር ፀሐይ ላይ አስጥታ ነው የምታስገባው።»

ከድር ፊልሙን ገዛው፣ እና ጥንድ ዋርካ ከተከፈተ እንደዚያ የተሸጠለት የለም። ሳሙኤል ሚኒባሱን ባይመልስም ቤቱን አቆመ። ዋናው ደግሞ የወኪሎቹ ስልክ ነው። የደሴው ይደውላል፤ «ኧረ ከድር፣ አንዲት ዝንጅብል ሻጭ እኔን ነው የቀረጹት ብላ ሱቄ በር ላይ ተቀምጣለች፣ ምን ልበላት?» የጅማው ይደውላል፤ «እዚህ ደግሞ ሦስት ናቸው!» እኔ በልቤ፣ እናንተማ ምን አገባችሁ፣ ዋናዋ እኔ ነኝ እላለሁ። መንከሩንም ተውኩት። ጽድቅ እንዳይመስላችሁ፤ ገዢው ሁሉ እየመጣ በጣቱ ሲጫነው ምን ላድርግ?

እንግዲህ ሁሉም ጊዜ አለው። በኋላ ከድር ጠዋት ያወጣውን ሲዲ ከሰዓት ሌላው ተራ ላይ ገልብጠው በርካሽ ይሸጡት ጀመር፣ ደግሞ በየጣሪያው ዲሽ በቀለ፣ ደግሞ ፍላሽ የሚባል መጣ፣ አገር ሙሉ ፊልም ጥፍር በምታህል ነገር ላይ ይገባል። ወኪሎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ከድር ግን አላማረረም። «ልጆቼን አስተምሬበታለሁ፣ አልሐምዱሊላህ» ብሎ ዱባይ ተራ ብርድ ልብስ ሊሸጥ ወሰነ።

ሱቁን የሚለቅበት ቀን ካርቶን ልናወጣ ተሰበሰብን። ሳሙኤልም መጣ፣ ሸብቷል፣ ያኔ በካሜራ ሠርግ ያነሣ ነበር። እኔ ያን ሁሉ ዓመት በኩራት አፌን ይዤ ኖሬያለሁ፣ ታዲያ ያን ቀን አላስቻለኝም።

«ሳሙኤል፣ ይኼን ያህል ዘመን አንድ ቀን እንኳ ይቅርታ አልጠየቅከኝም» አልኩት።

«በምን እትዬ?»

«ዝንጅብል ስነክር ተደብቀህ አይተህ አገር ለአገር አዞርከኝ እንጂ!»

ካርቶኑን መሬት አስቀመጠ። «እኔ? እትዬ፣ ከዚያ እሑድ በፊት እርስዎን አይቼዎት አላውቅም እኮ። እሷ እናቴ ናት። ሆሳዕና ከተማ ገበያ ነው የምትሸጠው።»

«ሻሿንም ወደ ግራ ነው የምታዘነብለው?»

«ወደ ግራ።»

«ዘመድ አይደለም የምሸጠውም ትላለች?»

«በቀን አሥር ጊዜ።»

ከድር ካርቶን ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ማንም ሳይቀርጸኝ እዚያው ቁጭ ብዬ ራሴን በራሴ አጋልጬ! ጋሽ ታደሰ ግድግዳ ይዞ ይንፈቀፈቃል። ከድር በኮፍያው እንባውን እየጠረገ፣ «ታዲያ እናትህ ፊልሙን አይታ ምን አለች?» ብሎ ጠየቀው።

ሳሙኤልም እንደ እናቱ አፉን አጣምሞ እንዲህ አለን፤ «‹ኧረ ይቺ ሴትዮ ማናት? ሰው እንዴት ዝንጅብል ይነክራል? ወይ ሌብነት!› ብላኝ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።»

ይኸው ነው። ደሴ ያለችው ራሷን አወቀች፣ ጅማ ያሉት አወቁ፣ እኔም አወቅኩ፤ ያላወቀችው ራሷ ባለታሪኳ ብቻ ናት። ከድር የጥንድ ዋርካን በር እየሣቀ ነው የቆለፈው፣ ቁልፉ ሁለት ጊዜ ከእጁ ወድቆበታል። እኔም እስከ ቤቴ ድረስ ብቻዬን ስሥቅ ሄድኩ፣ ሰዉ ዞር እያለ እስኪያየኝ።