ድንኳኑን ያስነቀለች ሐኪም

ከሆሳዕና ወደ ጃጁራ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ አዛውንት አጠገባቸው ላለችው ሴት ያወራሉ።

«ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገባሁት በሳንባ ነበር። ጠዋት ላይ አንዲት ወጣት ሐኪም አልትራሳውንድ እየገፋች መጥታ ልቤን ማየት ጀመረች።»

«ልብዎን ደግሞ ምን አገኘው?»

«የወንድሜም ልጅ እንደዚያ ብሎ ደነገጠ። ‹ልቡን እያዩት ነው፣ አለቀለት› ብሎ ጃጁራ ደወለ። የእድር ሰዎች ድንኳን ተከሉ።»

«እርስዎ በሕይወት እያሉ?»

«ምን ይደረግ? እዚያ የተኛን ሰው ሁሉ ልብ በየጠዋቱ እንደሚያዩ አናውቅም ነበር።»

«ታዲያ ልብዎ ደህና ሆነ?»

«የት ደህና ሆነ። ዙሪያውን ውሃ ይዞ ነበር። ልቤን ስላላመመኝ ማንም አልጠረጠረም። እሷ ግን አየችው፣ ያኔውኑ በመርፌ ተቀዳ። ሳምንት ሳይሞላ ድንኳኑ ተነቀለ።»

«ተባረኪ በሏት። የየት ልጅ ናት?»

«የጊምቢቹ ናት፣ ዶክተር ሳራ። በሀዲይኛ ነው ‹አይዞዎት› ያለችኝ።»

«አባቷን ያውቋቸዋል?»

«አላውቀውም። ባገኘው ግን ከወንበሬ ተነስቼ አስቀምጠው ነበር።»

ልጄ ሳራ ይህን አንድም ቀን ቤት አውርታው አታውቅም፤ ወንበሬ ላይ ቀና ብዬ ፊቴን ወደ መስኮቱ መለስኩ።