ለእትዬ አሰገደች የተላከው መጽሐፍ

— ሄሎ... አቤት፣ ሙሴ ነኝ፣ የመካኒሳ አቦው መጽሐፍ አከራይ። ...ሴና! እናትሽ እንዴት አደሩ? ...እሰይ። ኦፕራሲዮኑ ነገ ነው አይደል? ...እግዜር ይርዳቸው።

— መጽሐፉን ወደዱት? ታዲያስ! ልዑልቃልን የሚያህል ደራሲ የለም ስልሽ። ሃያ ምናምን መጽሐፍ ጽፎ አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም። ላዘነ ማልቀሻ፣ ለታመመ መሳቂያ፣ እንደ ጓደኛሽ እንደ መርዋ ላሉት ደግሞ የፍቅሩ አለላቸው...

— አንዴ ቆዪኝ፣ ሰው መጣ። ...ጋሼ ሃሩን፣ ምነው ተቆጡ? ...እንዴት «የጎረቤት ዶሮ» የሚባለው የሚያስቀው መጽሐፍ ደረሰኝ ይላሉ? እንባ ካላስፈሰሰ መጽሐፍ አይደለም የሚሉት እርስዎ፣ እኔም የሰጠሁዎት «ሰባተኛው አልጋ»ን ነው። እስቲ ያሳዩኝ። ...ወይኔ!

— ሄሎ? ሴና፣ አለሽ? ...ምንም አልሆንኩም። ስሚኝ፣ የያዝሽው መጽሐፍ... ስፒከር ላይ ነኝ እንዴ? አጥፊውና ወደ ኮሪደር ውጪ። ...ኧረ ውጪ ስልሽ!

— ወጣሽ? ተሳስቻለሁ። ሁለቱንም በካኪ ወረቀት ለብጃቸው ተምታቱብኝ። የሚያስቀው ጋሼ ሃሩን ጋ ሄዷል። እናንተ ጋ የመጣው የሆስፒታሉ፣ «ሰባተኛው አልጋ» ነው። ...«ምኑ ያስቃል?» ብለሽ ነበር? ታዲያ ለምን አልደወልሽም? ...«ወደፊት ያስቅ ይሆናል» ብለሽ! ወይ አምላኬ።

— የት ደረሳችሁ? ...ኦፕራሲዮን ከመግባቷ በፊት የልጇን ፀጉር የምትሠራላት ጋ? በፈጠረሽ፣ እዚያው ዝጊው! ቀጣዩን እንዳታነቢላቸው። መነጽሬ ጠፋ በይ፣ ነርሷ ከለከለችኝ በይ። እኔ የዶሮውን ይዤ አሁኑኑ እመጣለሁ።

— ጋሼ ሃሩን፣ መጽሐፉን ይስጡኝ፣ ለበሽተኛ ነው። ...«አልጨረስኩም» ይላሉ? አሁን አሳቀኝ ብለው ሲጮሁብኝ አልነበር?

— ሄሎ? ሴና? ...ማን? እትዬ አሰገደች! ከአልጋ ተነስተው ወጡ? ...የለም፣ አልደበቅንዎትም። ...እሺ፣ ደብቀናል። የሚያስቅ ነበር የመረጥኩልዎት፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

— እ? ...«ሳቅ ሰለቸኝ» ይላሉ? ...ሊጠይቅዎት የሚመጣው ሁሉ ያስቅዎትና ይሄዳል። ስለ ነገ የሚያወራዎት ሰው ጠፋ። ...እሺ። ...ሴና ትናንት ስታነብ አለቀሰች? እርስዎም? ...እሺ እናቴ። እየሰማሁዎት ነው።

— መጨረሻውን? እሱንማ አይጠይቁኝ። ...እትዬ አሰገደች፣ እባክዎ... አልዋሽዎትም። ትሞታለች።



— ልጅቷ? ልጅቷማ... መጀመሪያ እህል እምቢ ትላለች። እናቷ የሠራችላትን ፀጉር ማንም እንዳይነካብኝ ትላለች። በኋላ ግን አንድ ቀን ጠዋት፣ ራሷ በር ላይ ቁጭ ብላ ትፈታዋለች። መጽሐፉ እዚያ ጋ ያልቃል። ...አዎ፣ ትተርፋለች። ደህና ትሆናለች።

— እርስዎ ራስዎ ለሴና ሊያነቡላት? ዛሬ? ...ድምፅዎ ከቻለ፣ እሺ። ያንብቡላት።

— የዶሮውንም ጋሼ ሃሩን ሲጨርሱት አስቀምጥልዎታለሁ። ...እየሰሙ ነው፣ ቶሎ እጨርሳለሁ ይላሉ።

— አንድ ነገር ግን ልንገርዎት። የያዙት መጽሐፍ የኔ ነው፣ ይመለስልኝ እላለሁ። ...አይ፣ ሴና ብታመጣው አልቀበላትም። ከእርስዎ እጅ ነው የምቀበለው። ...አይሳቁ፣ እውነቴን ነው። ከእርስዎ እጅ! ...አሜን። አሜን፣ እናቴ።