ሳይተኛ «ተኝቷል» የተባለው አናጢ

የአናጢው ሚስት የባሏን ክኒን ገዝታ ከመድኃኒት ቤት ስትወጣ ዝናቡ እንደ ጉድ ወረደባትና ዳቦ ቤቱ በረንዳ ላይ ተጠለለች። እዚያው ቆማ የነበረች አንዲት ወጣት ትኩር ብላ ስታያት ቆየችና «እትዬ፣ ረሱኝ እንዴ?» አለቻት። ለካ ዱሮ በግድግዳ ይዋሰኗቸው የነበሩት ሰዎች ልጅ ናት፤ ከአናጢው መላጊያ ሥር የእንጨት ፍቅፋቂ እየለቀመች ፀጉሯ ላይ ትሰካ የነበረችው ቀበጥ። አሁን ተምራ፣ በሆስፒታል የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ ሆናለች። ተሳሳሙ፤ ስለ ቤተሰብ ተጠያየቁ፤ ልጅቱም «ጋሼስ እንዴት ናቸው?» አለች።

«ይመስገነው፣ አለ» አለች ወይዘሮዋ።

ይህች «አለ» የምትባል ቃል ብዙ ነገር ትሸፍናለች። አናጢው የሚያንቀጠቅጠው የነርቭ በሽታ ከያዘው ዓመታት አልፈዋል። ሐኪሞቹ ፓርኪንሰን ይሉታል። መጀመሪያ እጁን፣ ቀጥሎ አካሄዱን፣ በኋላም ድምፁን ያዘበት። ሚስቱ እንደ ዓይኗ ብሌን ትጠብቀዋለች፤ በእሷ ማንም ሐሜት አያገኝባትም። ጠያቂ ሲመጣ ግን በሩን ገርበብ አድርጋ «ተኝቷል» ትላለች። አንድ ጊዜ አለች፣ ሁለት ጊዜ አለች፤ ሰዉም ቀስ በቀስ እግሩን አሳጠረ።

ይህን ሁሉ እንደ ሙያ ለልጅቱ አወራቻት። ልጅቱ ግን አላደነቀችም።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እንዲህ በሉልኝ ያሉት ጋሼ ናቸው?»

«መጠየቅ ያስፈልገዋል እንዴ? ዕድሜዬን አብሬው ኖሬ ልቡ ይጠፋኛል?» አለች ወይዘሮዋ። «እጁ የተመሰገነ ሰው ነበር። ያ እጅ ሻይ ሲደፋ ሰው ይይ? ከዚያ ወጥተው ‹አይ አናጢው፣ አለቀለት› እንዲሉ? ደግሞ እሱም ሰው አይፈልግም። መጀመሪያ ሰሞን ጓደኞቹ መጥተው ሲያጫውቱት ፊቱን አልፈታላቸውም። አንዴም ፈገግ አላለ።»

«እሱ በሽታው ነው» አለች ልጅቱ። «የፊትን ጡንቻ ያደርቀዋል። ፊታቸው ባይስቅም ውስጣቸው ይስቃል። ጓደኞቻቸው ይህን የነገራቸው ስለሌለ የተቆጧቸው መስሏቸው ይሆናል።»

ወይዘሮዋ ይህን አታውቅም ነበር። ሆኖም ለልጅ እጅ መስጠት አልሆነላትም። ድምፁ እንደማይሰማ፣ አንዲት ቃል ለማውጣት ዘመን እንደሚፈጅበት፣ ቶሎ እንደሚደክመው ተናገረች። ልጅቱም በትሕትና፣ ድካሙ እውነት መሆኑን አመነች። ጨዋታው አጭር ይሁን፣ ክኒኑ በሚሠራበት ሰዓት ይሁን አለች። ድምፅ ግን ካልተናገሩበት ይብሱን እንደሚዳከም አስረዳች።

«ታዲያ ሰው ያድነዋል ነው የምትዪኝ?»

«አልዋሽዎትም፤ በሽታው አብሯቸው ይኖራል። ግን እትዬ፣ በሽታው ያልወሰደባቸውን እርስዎ አይውሰዱባቸው።»

ወይዘሮዋ ፊቷ ጠቆረ። «እኔ ነኝ የወሰድኩበት?» አለችና ዝናቡ ሳያባራ፣ ደህና ሁኚ እንኳ ሳትል ሄደች። ምን ታድርግ፤ የደከሙበት ነገር ጥፋት ነው ሲባል አንጀት ያሳርራል። ትናንት አፍንጫዋን ሲጠርጉላት የነበረች ልጅ ስትለው ደግሞ ይብሳል።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በራቸው ተንኳኳ። ፉጨት ነበር፤ የአናጢው የሥራ ባልደረባ፣ እንጨት ሲልግ ሳያፏጭ ስለማይሆንለት ይህ ስም የወጣለት። ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ነው የመጣው። ወይዘሮዋ በሩን ገርበብ አደረገች፤ ምላሷም እንደለመደው «ተኝቷል» አለ።

ከውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ወንበር፣ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«አል... ተኛሁም።»

ወይዘሮዋ በሩን ለቀቀችው። ፉጨትም ይግባ ይመለስ ግራ ገባው። በኋላ ወደ ባሏ ዞረችና ቀስ ብላ «ትሰማ ነበር?» አለችው።

«ሁልጊዜ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

መልሱ ቶሎ አልመጣም። ከንፈሩ ሁለት ሦስቴ ተነሣ፣ ተመለሰ። «በእኔ... ያፈርሽ... መስሎኝ» አለ።

እዚያው እግሩ ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች። እሷ በሰው ፊት እንዳይዋረድ ብላ ስትደብቀው፣ እሱ ለካ ያሳፈራት መስሎት ተደብቆላት ኖሯል። ፉጨትም ቢሆን፣ ሰው እንዳይረብሻቸው የፈለገች መስሎት በደጃፋቸው ላለማለፍ በጓሮ መንገድ ሲዞር እንደከረመ ያን ዕለት ተናገረ። እንግዲህ አንባቢዬ ይፍረድ፤ ሦስት የሚዋደዱ ሰዎች፣ ሦስቱም በይሉኝታ አፋቸውን ዘግተው፣ አንድ ሰው ከነነፍሱ ቀበሩ። ሦስቱም ክፉ አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ እንኳ አንዱ ተሳድቦ ነገሩ ይወጣ ነበር።

ፉጨት የመጣበት ጉዳይ ነበረው። በሥራ ቤታቸው አንድ ልማድ አለ፤ የተሠራ ዕቃ ሌላ ባለሙያ በእጁ ዳስሶ «ይውጣ» ሳይል ለገዢ አይሰጥም። ይህ ሥራ የአናጢው ነበር። እሱ ከቀረ ወዲህ ፉጨት ራሱ ሠርቶ ራሱ ይዳስሳል፤ ሁልጊዜም «ይውጣ» ይላል። አሁን አንድ ትልቅ የምግብ ጠረጴዛ ጨርሷል። «ቅዳሜ ና» አለው።

ወይዘሮዋ ኩራቷን ዋጠችና በነጋታው ልጅቱን ሆስፒታል ድረስ ሄዳ ፈለገቻት። ልጅቱ «አላልኩም?» አላለችም፤ ወንበር ስባ አስቀመጠቻት። ክኒኑን ከዋጠ ስንት ሰዓት ላይ ሰውነቱ እንደሚፍታታ ጠየቀቻትና መውጫቸውን በዚያው ሰዓት አደረጉት። ኩባያው ጆሮ ያለው ይሁን፣ እስከ ግማሽ ብቻ ይቀዳ፤ ወንበሩ መደገፊያ ይኑረው። እግሩ በር ላይ ሲደርስ ወለሉ ላይ እንደተጣበቀ ስለሚቀር፣ እየተሻገረ እንዲራመድ ወለሉ ላይ መስመር ይሰመርለት። ከሁሉ በላይ ግን ሰዎቹ አስቀድመው ይነገራቸው፤ ፊቱን ሳይሆን ቃሉን ይጠብቁ፣ ቃሉንም ከአፉ አይንጠቁት አለች።

ቅዳሜ ዕለት እንደተፈራው እግሩ ሥራ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተያዘ። ፉጨት ግን ሰጋቱራውን ጠርጎ ወለሉን በጠመኔ አስምሮ ነበር። አናጢው መስመሩን አየ፤ አንዱን ተሻገረ፤ ሌላውን ተሻገረና ገባ። የሥራ ቤቱ ባልደረቦች፣ ቀለም ቀቢውና ሶፋ ሠሪው፣ መጀመሪያ አፍረው ጫማቸውን ያዩ ነበር። ወይዘሮዋ ከበሩ አጠገብ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ጨብጣ፣ አንድ ነገር ቢደርስ ይዛው ለመውጣት ተዘጋጅታ ተቀመጠች።

አናጢው እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። ሲያርፍ የሚንቀጠቀጠው እጅ መዳሰስ ሲጀምር ረጋ አለ። ላዩን ዳሰሰ፤ ጠርዙን ዳሰሰ፤ ከሥር አስገባው። ሁሉም ጠበቁ።

«አይ... ወጣም።»

«ምኑ ነው የማይወጣው?» አለ ፉጨት።

«ከሥር... ሻካራ ነው።»

«ከሥር ማን ያየዋል?»

እንደገና ጠበቁት። ሶፋ ሠሪው ሊረዳው አፉን ከፍቶ ነበር፤ የተነገረው ትዝ ሲለው ከደነው።

«የሴቶቹ... ስቶኪንግ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የፉጨት ጆሮ ግን ቀላ። የእሱ ብርጭቆ ወረቀት ያላለፈበት ቦታ እንደሌለ፣ የዛሬ ገዢ ከሥር አጎንብሶ እንደማያይ፣ አናጢው ዱሮም ችክ ያለ ሰው እንደነበር በጩኸት ተናገረ። አናጢውም በዚያች ቀጭን ድምፁ «አይወጣም» አለ፤ ደግሞም «አይወጣም» አለ።

ወይዘሮዋ ብድግ አለች። «እባክህ፣ በሽተኛ ነው» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ባሏን አየችው። ፊቱ እንደወትሮው አልተንቀሳቀሰም። ደረቱ ግን ቀና ብሏል፤ ዓይኑም ፉጨት ላይ ተተክሏል። ቤት ውስጥ ለስንት ጊዜ ያለውን ሁሉ «እሺ፣ እሺ» ስትለው ኖራለች። የሚቃወመው፣ ልክ አይደለህም የሚለው፣ እልህ የሚያስይዘው አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። ተመልሳ ተቀመጠችና ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ አልታጎለም። በሽታው አልለቀቀውም፤ እንዲያውም መነሣት የሚያቅተው ቅዳሜ አለ፤ ያኔ ጓደኞቹ ወደ እሱ ይመጣሉ። ድምፁ ከፍ ባይል እንኳ ይሰማል። ወይዘሮዋም በዚያች ሰዓት እህቷ ዘንድ ትሄዳለች፤ የእሷም ትከሻ ለካ ዕረፍት ተጠምቶ ኖሯል። ጓደኞቹም በሽታውን መፍራት ትተው፣ እነሱም ቢታመሙ ሰው እንደማይሸሻቸው አወቁ። እኔም ለአንባቢዬ የምለው ይኸው ነው፤ የታመመ ዘመድ ያለው ሰው በር ከመዝጋቱ በፊት ታማሚውን ራሱን ይጠይቅ።

በዚያች በመጀመሪያዋ ቅዳሜ ባልና ሚስት ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ አናጢው ገና አልበረደለትም። በየእርምጃው ስለ ጠረጴዛው ያጉረመርም ነበር። ወይዘሮዋ ስለ እንጨት የምታውቀው ነገር የለም፤ እንደለመደችው «እሺ» ልትለው ነበር። ተወችው።

«እኔ ግን» አለችው፣ «ፉጨት ልክ ይመስለኛል።»

አናጢው መንገዱ መካከል ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ዞሮም አያት።

«አንቺ... ደግሞ... ምን ታውቂያለሽ?» አላት።

እስከ ደጃፋቸው ድረስ ሲከራከሩ ሄዱ።