የሐያት ማዕበል በእጥፍ ነው

ሳቁብኝ፤ ቬጋስ በረሃ ላይ ተቀምጬ ባሕር የምጠብቅ ሰው ነኝ። ልጄ ሐያት ለትምህርት ሃዋይ ከሄደች ወዲህ ሺፍት ከመግባቴ በፊት የደሴቶቹን ትንበያ ቼክ ሳላደርግ ከቤት አልወጣም። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው፣ የንግድ ነፋስ የሚሉት ሲበረታ በምሥራቁ ዳርቻ ዝናብና ወጀብ እንደሚሆን አሁን ማንም አያስተምረኝም። አንድ ቀን ታዲያ ትንበያው ለሰሜኑ ዳርቻ የአሥር ጫማ ማዕበል አለ። በሳንቃ ማዕበል መጋለብ፣ ሰርፍ የሚሉትን፣ ስለምትወድ ወዲያው ደወልኩላት።

"ሐያት፣ ዛሬ ሰርፍ የሚባል ነገር የለም!"

"አባ፣ እዚህ ሁሉም ሰው አምስት ነው የሚለው። ስሞል ነው፣ ትንሽ።"

ወላሂ፣ ልጄ ዓይኔ እያየ ዋሸችኝ ብዬ ደሜ ፈላ። የምሠራበት ሆቴል እንደገባሁ ሃዋይ ተወልዶ ላደገው ባልደረባዬ ነገርኩት። ከት ብሎ ሳቀ።

"አልዋሸችህም። እኛ ማዕበልን የምንለካው ከጀርባው ነው፤ የፊቱን ግማሽ ያህል ይሆናል።"

"ለምን ከጀርባ?"

"ጉራ ስለማንወድ ነዋ!"

እዚያው ቆሜ መልሼ ደወልኩላት፤ ገና አሸዋው ላይ ነበረች።

"ማዕበሉ ሲመጣብሽ የምታዪው ፊቱን ነው ጀርባውን?"

"ፊቱን" አለች።

"እንግዲያው አሥር ነው። ወደ ቤትሽ!"

ሳቀች፤ የዚያን ቀንም ባሕር አልገባችም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የምትነግረኝን ሁሉ በእጥፍ ነው የምሰማው። ትናንት ደውላ "አባ፣ ትንሽ ናፍቀኸኛል" አለችኝ።

ትኬት ቆርጫለሁ።